ትንፍሽ እንዳትዪ

አባቴ አርባ ዓመት ሲፈርድ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረው ችሎት የሳሎናችን ብቻ ነው። ተከሳሹም ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሕግ አላጠናሽም ተብዬ ተከስሻለሁ። መርፌና ክር መርጠሽ ስሜን መሬት ጣልሽው ተብዬ ተፈርዶብኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶሽ አላገባሽም የሚለው ክስ ደግሞ በቀጠሮ ሲንከባለል ከረመ። ያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሄኛው መዝገብ የሚዘጋበት ቀን መስሎኝ የምወደውን ሰው ይዤ ቤት ገባሁ።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ የምጠራው «አርባ አራት» እያልኩ ነው፤ የአንገቱ ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ሰው መጀመሪያ የማውቀው በልኩ ነው። የዛሬ ዓመት የሾፌሮቹን የደንብ ልብስ እንድሰፋ ሥራ ሲሰጠኝ፣ ለኮሌታው ሜትሬን አንገቱ ላይ አዙሬ «አርባ አራት! ይሄ አንገት ነው ወይስ የአውቶቡስ ጎማ?» አልኩት። ሳቀ። ሌሎቹን ለክቼ ስመለስ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል።

ስቀሰቅሰው «ይቅርታ እህቴ፣ የመኪናሽ ድምፅ ያስተኛል» አለኝ።

«ያንተም መኪና ድምፅ አለው፤ እሱ ላይ እንዳትተኛ ብቻ።»

ቀልዴን ነበር። የሱ ፊት ግን ልውጥ አለ፤ ያኔ አልገባኝም።

እና ያ እሁድ። አርባ አራት የሰፋሁለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን እንደ መስታወት አስወልውሎ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ስለ ሥራው፣ ስለሞቱት ወላጆቹ፣ ስለ ሐሳቡ ተናገረ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ሰው ሲናገር እንዲህ ነው፤ በችሎት ዘመኑም ጠበቆቹ «ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ዳኛ» እያሉ ያከብሩት ነበር። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ተራውን ያዘ። ስለ ዘር፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ክብር ተናገረ። ረጅም ነበር፤ እኔ እንኳ ልጁ ሆኜ ታክቶኛል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ልጄን የምትጠይቀኝ ምን ይዘህ ነው?» አለው።

መልሱ ማንኮራፋት ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነው። አርባ አራት ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል፤ እናቴ ሻይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቴ ብድግ አለ።

«በዚህ ዕድሜዬ እፊቴ ጠጥቶ የቀረበ ሰው አላጋጠመኝም» አለ።

አርባ አራት መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ባንኖ ነቃና ሁላችንንም አየን። መጨረሻ ላይ ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ የነበረውን ቃል እኔ ብቻ አውቀዋለሁ፦ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ክሊኒክ ሄዶ ተመርምሮ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው ጉሮሮው ይዘጋና ትንፋሹ ይቆማል፤ በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ። አርባ አንድ ጊዜ የሚባንን ሰው ተኛ አይባልም፤ ስለዚህ ሌሊት የተከለከለው እንቅልፍ ቀን መጥቶ ይጥለዋል። አንድ ትንሽ መሣሪያ ሰጡት፣ ሲፓፕ ይሉታል። በቱቦና በጭምብል ሳያቋርጥ አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። መሣሪያውን በደንብ ተጠቅሞ ሐኪሙ እስኪፈርምለት ድረስ መሪ እንዳይጨብጥም ከለከሉት። እሱ ግን ለመሥሪያ ቤቱ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ፈቃድ ወጣ። እውነቱን የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ እጄን ይዞ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የሚተኛ ሾፌር ከተባልኩ አበቃልኝ» አለኝ። ማልኩለት።

«ውሳኔዬን ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ። «ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደጃፍ አይረግጥም።»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። መሐላ መሐላ ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። አርባ አራት ባርኔጣውን አንስቶ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ፣ ያን የሰፋሁትን ኮሌታ ከኋላ እያየሁ ቀረሁ።

በማግሥቱ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ቤቱ ሄድኩ። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ እኔ የሰፋሁት መጋረጃ። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር የመሣሪያውን ቦርሳ ጎተትኩት። ላዩ አቧራ ጠጥቷል።

«ስንት ቀን ለበስከው?»

ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ።

«እኔ እኮ ነኝ የማልኩት፤ አንተማ ተናገር።»

«አንድ ቀን» አለ። «ያውም ግማሽ ሌሊት። ማሰሪያው ጉንጬን ይቆርጠኛል፤ እሱስ ይቻላል። በመስታወት አየሁት። ጭምብል፣ ከጭምብሉ የተንጠለጠለ ቱቦ… ዝሆን ነው የምመስለው። ነገ ከነገ ወዲያ ይሄን አድርጌ ካንቺ ጎን ልተኛ ነው? አባትሽ አንድ ቀን ቢያየኝስ?»

«አባቴማ አየህ። ያለ ጭምብል አየህ፤ ሰካራም አለህ።»

«ይበል። በሽተኛ ከሚለኝ ይሻላል።»

ይሄን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ስማ» አልኩት። «ዝሆን አገባለሁ። ችግር የለብኝም፤ ዝሆን ልኩ ይለካል፣ ልብስ ይሰፋለታል። ሬሳ ግን አላገባም። ተኝተህ ሳትነሳ ብትቀር ምን ልሁን? ወይስ አንድ ቀን ተደብቀህ መሪ ጨብጠህ ያን ሁሉ ሰው ይዘህ…»

«አልጨብጥም።»

«እሱን እንኳ አምንሃለሁ። አሁን ራስህን አምጣ።»

ሜትሬን አውጥቼ ራሱን ዙሪያውን ለካሁ፤ ከጆሮ ጆሮም ለካሁ። አንገቱ ጋ ስደርስ እጄን ያዘኝ። ለጊዜው ሁለታችንም አልተነፈስንም፤ በሽታው እኔም ላይ የተጋባ መሰለኝ። ከዚያ ማሰሪያውን ይዤ ሱቄ ሄድኩ። ለጨቅላ ልብስ ከማስቀምጠው ለስላሳ ጥጥ ቆርጬ፣ ጉንጩን በሚነካው በኩል እጅጌ ሰፋሁለት። ስፌቱን ወደ ውጭ አወጣሁት፤ እንዳይኮሰኩሰው።

ስመልስለት ሕጉን ነገርኩት። «በየጠዋቱ ከሱቄ በር ሥር ብጣሽ ወረቀት ትከታለህ። ስንት ሰዓት እንደለበስክ ትጽፋለህ፤ አትዋሽም። ለአባቴ የምትናገረው አንተ ነህ። እኔ ምያለሁ፤ ትንፍሽ አልልም። አንተ ግን ትተነፍሳለህ፣ በሌሊቱም በቀኑም።»

«ካልቻልኩስ?»

«ቻል» አልኩት። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ወረቀት «አንድ ሰዓት። አውልቄ ወረወርኩት» ይላል። ሁለተኛው «አንድ ተኩል። ሆዴ በአየር ተነፋ»። ሦስተኛው «ሁለት ተኩል። እጅጌው ጥሩ ነው»። በሳምንቱ «አራት። ሕልም አየሁ። ከስንት ዓመት በኋላ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ምን አየህ?» ብዬ መለስኩለት። በማግሥቱ መልሱ መጣ፦ «ስትለኪኝ።»

ሌላ ሰው አበባ ይላክለታል፣ ግጥም ይጻፍለታል። እኔ ቁጥር ነበር የሚደርሰኝ፤ ደግሞ ልቤን ያጠፋው ጀመር። «ስድስት። ጠዋት ራሴን አላመመኝም» ያለ ቀን ሱቄን እየዘፈንኩ ጠረግሁ። «ሰባት» ሲል የአንዱን ደንበኛ ግራና ቀኝ እጅጌ አቀያይሬ ሰፍቼ፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ቤት ስገባ ደግሞ አባቴ «ያ ሰካራም ተረሳ?» ይለኛል። ከንፈሬን ነክሼ «እራት ቀርቧል አባዬ» እላለሁ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ሁለት።»

ሌላ ምንም የለም፤ «አልቻልኩም» እንኳ አይልም። ሰባት ደርሶ ሁለት። ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው ብዬ ሱቄን ቆለፍኩና፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መንገደኛው ዞሮ እያየኝ ቤቱ ደረስኩ። አርባ አራት ጠረጴዛው ላይ ሻይ ቀድቶ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

«አታፍርም ደግሞ ትስቃለህ?»

«እንዴ፣ ደስ አላለሽም?»

«ሰባት ላይ ወጥተህ ሁለት ላይ ስትወድቅ ነው ደስ የሚለኝ? ይሄን ያህል ለፍተን? እኔ በአባቴ ፊት አፌን ሰፍቼ…»

«ቆይ፣ ቆይ» አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ትናንት ክሊኒክ ነበርኩ። መሣሪያው ውስጥ የሌሊቱን ሁሉ የሚመዘግብ ካርድ አለ፤ አንብበው ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ማለቴ አይደለም። ትንፋሼ የሚቆመው በሰዓት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አርባ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። የተኛሁትማ ሰባት ተኩል ነው። በደስታ እሱን መጻፍ ረሳሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አልኩና አለቀስኩ። ደስታም ንዴትም ነበር። «ከዚህ በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍ» አልኩት፤ እሱ በመዳፉ እንባዬን እየጠረገ «እሺ» አለ።

ወረቀቱን እያነበብኩ ሳለ አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ፦ የአንገት ዙሪያ፣ አርባ አራት።

«ማን ለካህ?»

«ሲስተሯ።»

«ያለኔ ፈቃድ?» አልኩ፤ ቀልዴን ነበር፣ ግማሹን። «አንገት ደግሞ ለትንፋሽ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አንዱ ምልክት ነው አለችኝ። ወፍራም አንገት፣ ማንኮራፋት፣ ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን ቁጭ እንዳሉ ማንቀላፋት።»

የልክ ደብተሬ ከቦርሳዬ አይለይም። አወጣሁት። የገዛ አባቴ ገጽ የመጀመሪያው ነው፤ ሸሚዙን ሁሉ እኔ ነኝ የምሰፋለት፣ ስፌቴን ቢንቀውም። ኮሌታ፦ አርባ አምስት። በየጠዋቱ የሚውጠው የራስ ምታት ክኒን ትዝ አለኝ። ያ ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጡም ትዝ አለኝ። ደብተሬን ዘጋሁት።

«እሁድ ትመጣለህ» አልኩት። «ቦርሳውን ይዘህ።»

«እመጣለሁ» አለ። «ሳትነግሪኝም ልመጣ ነበር።»

እሁድ በሩን አባቴ ራሱ ከፈተ። አርባ አራትን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ቀደም ብዬ «ይግባኝ አለኝ» አልኩ።

«ይግባኝ እንዲሁ አይባልም፤ ምክንያት ይፈልጋል።»

«አዲስ ማስረጃ አለ።»

የሕግ ቃል ሲሰማ አይችልም፤ ከበሩ ዞር አለ። ገባን። አርባ አራት አልተቀመጠም። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ያን ዕለት ፊትዎ ተኝቻለሁ፤ ጥፋቴን አልክድም። ሰካራም ግን አይደለሁም፣ በሽተኛ ነኝ። ልጅዎ ታውቅ ነበር፤ ትንፍሽ እንዳትል አስምያት ስለ እኔ ስም ተዋርዳ ዝም አለች። ዓርብ ዕለት ለመሥሪያ ቤቴም የሐኪሙን ወረቀት ሰጥቻለሁ። ‹ሐኪምህ ይፈርምልህ፣ ያኔ መሪህን ትረከባለህ› ብለውኛል። ካልፈረመልኝም ሌላ ሥራ እሠራለሁ። የያዝኩት ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። የያዝኩት ይሄን ነው።» ቦርሳውን ከፈተ፤ መሣሪያውን ሰክቶ አበራው። ሹሹሹ የሚል ቀጭን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንዴት እንደሚሠራ፣ የሌሊቱን ሰዓት፣ ከአርባ አንድ ወደ ሁለት መውረዱን በዝግታ ያስረዳ ጀመር።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

ቀስ እያለ አገጩ ኮሌታው ላይ ወረደ። አንኮራፋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ። ደረቱ ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም። አርባ አራት ንግግሩን አቆመ። የመሣሪያው ሹሹታ ብቻ ቀረ። ዞር ብዬ እናቴን ሳያት በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው። «…አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ…»

አባቴ በትልቁ ተነፈሰና ባነነ። «ቀጥል» አለ። «እያዳመጥኩ ነው።»

የእናቴ ከንፈር መንቀሳቀሱን አቆመ።

«አባዬ» አልኩት፣ በተቻለኝ መጠን ለስለስ አድርጌ። «የመጨረሻው ቃሉ ምን ነበር?»

ተመለከተኝ። ከዚያ መልሱን የሚፈልግ ይመስል ወደ መሣሪያው፣ ወደ አርባ አራት፣ ወደ እናቴ ዞረ።

እናቴ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። «እኔ ልመስክር» አለች። «ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ሌሊት ጠግቤ አልተኛሁም። ትንፋሽህ ሲቆም እቆጥራለሁ። ሃያ ስደርስ በክርኔ እጎስምሃለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎኝ ሳልቆጥር ብቀርስ እያልኩ ነው የሚነጋልኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ‹እኔ አላንኮራፋም› ብለህ መዝገቡን ዘጋኸው። የሰው ልጅ አንቀላፋ ብለህ ግን አባረርከው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

አባቴ ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ አርባ አራት ሳይሆን ወደ ወለሉ እያየ ተናገረ።

«አንድ ሰው ነበር። ልጁን እንዲያሳድግ የጠየቀ አባት። ሲናገር ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጨርሶ ተቀምጧል። ድገምልኝ ማለት ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ዳኛ አይደለሁ? መዝገቡን አንብቤ ፈረድኩ። ልክ ፈርጄም ይሆናል። ሰውየው ያለውን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።» ከዚያ ቀና አለ። «ያን እሁድ የጠላሁት አንተን አልነበረም ልጄ።»

አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላኝ፤ ያን ሁሉ ቂሜን ፈልጌ አጣሁት።

አርባ አራት ጭምብሉን አንስቶ ተንበረከከ። «እጅዎን ይስጡኝ» አለና አየሩ የአባቴ መዳፍ ላይ እንዲነፍስ አደረገ። «ይኸው ነው ጌታዬ። ነፋስ ብቻ ነው። አያምም።»

አባቴ መዳፉን ሳይሰበስብ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቱ ማሰሪያው ላይ ያለውን እጅጌ ዳሰሰ። መነጽሩን አውርዶ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

«ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ» አልኩ።

«ጥሩ ስፌት ነው» አለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት።

«ታዲያ ይግባኙስ?» አለች እናቴ፣ እንባዋን በመዳፏ እያበሰች።

አባቴ ብድግ ብሎ ሸሚዙን አስተካከለ። «የተኛ ዳኛ አይፈርድም» አለ። «መጀመሪያ እኔ ልንቃ። ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል።»

ጠበቅን። አባቴ ተመረመረ፤ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቆም ለእናቴ እንጂ ለእኔ አልነገረኝም። ለማሰሪያው ራሱን ስለካው እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ተለካልኝ፤ ስለ ውሳኔው ግን ትንፍሽ አላለም። አርባ አራትም ሐኪሙ ፈርሞለት ወደ መሪው ተመለሰ። ጓደኞቹ ስለ ጭምብሉ ሲሰሙ «ፓይለቱ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከእኔ ስም ይሻላል ብሎ ተመጻደቀብኝ። እኔ በየጠዋቱ በሩን ስከፍት ወለሉን ነው የማየው። አንዳንድ ቀን ውሳኔው እንቢ ቢሆንስ እያልኩ መርፌ እጄን ይወጋኛል፤ እንቢ ቢልም ግን አርባ አራትን እንደማልተወው ለራሴ ነግሬዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከበሩ ሥር ሁለት ወረቀት አገኘሁ። አንዱ የለመድኩት ብጣሽ ነው፦ «ሰባት ሰዓት ተኩል ተኛሁ። ይሄ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።» ሌላው እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት በአራት የታጠፈ ነበር። አባቴ ሱቄን ረግጦ አያውቅም፤ ጽሕፈቱ ግን የሱ ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳደረግኩ፣ ቆሜ አነበብኩት።

«ውሳኔ። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል። ያ ልጅ እሁድ ይምጣና የሠርጉን ቀን እንቁረጥ፤ ያን ዕለት የተናገረውንም ከመጀመሪያው ይደግምልኝ። እኔ ትናንት ስድስት ሰዓት ተኛሁ። እናትሽ ከተኛች ዘጠኝ ሰዓት ሆናት፤ እስካሁን አልተነሳችም። ስልክ እንዳትደውዪ።»